የተጣመመ የአፍንጫ ልም አጥንትን በኢንሹራንስ ማሠራት፦ ከመጀመሪያው ምርመራ እስከ ይግባኝ

አንድ የአፍንጫ ቀዳዳ ተደፍኖ ዓመታት ያልፋሉ። ሰው ይለምደዋል። በአፍ ይተነፍሳል፣ ጠዋት ጉሮሮው ደርቆ ይነሳል፣ ሌሊት ያንኮራፋል፣ ደረጃ ሲወጣ አየር ያጥረዋል። አንድ ቀን ሐኪም ጋ ሲሄድ «የአፍንጫው የመሃል ግድግዳ ተጣሟል፣ ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል» ይባላል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ይታወቃል፦ ኢንሹራንሱ ይከፍላል ወይ?

ብዙ ጊዜ ይከፍላል። ነገር ግን ውሳኔውን የሚሰጠው ሰው አፍንጫዎን አያየውም። የሚያነበው ፋይልዎን ነው። ብዙ ሰው የሚከለከለው ችግሩ ቀላል ስለሆነ ሳይሆን በወረቀት ላይ ስላልሰፈረ ነው። ስለዚህ ኢንሹራንሱን የማስፈቀዱ ሥራ ከመጀመሪያው ቀጠሮ ይጀምራል።

1. የትኛው ቦታ እንደተበላሸ በትክክል ይታወቅ

ሁለቱን የአፍንጫ ቀዳዳዎች የሚለየው የመሃል ግድግዳ የፊት ክፍሉ ልም አጥንት ነው። ሐኪሞች ካርቲሌጅ ይሉታል። የኋላው ጠንካራ አጥንት ነው። ይህ ግድግዳ ፍጹም ቀጥ ያለለት ሰው ጥቂት ነው። አንዳንዱ ሲወለድ፣ አንዳንዱ ሲያድግ፣ አንዳንዱ ተመትቶ ይጣመምበታል። አብዛኛው ሰው ምንም ሳይሰማው ይኖራል። ስለዚህ መጣመሙ ብቻውን ለቀዶ ሕክምና ምክንያት አይሆንም፤ ለኢንሹራንሱም እንደዚያው። የሚቆጠረው መጣመሙ ያመጣው ችግር ነው።

አፍንጫን የሚዘጋው ግድግዳው ብቻ አይደለም። ከጎንና ከጎን ተርቢኔት የሚባሉ አካላት አሉ። የምንስበውን አየር ያሞቃሉ፣ ያረጥባሉ። በአለርጂ ጊዜ ግን አብጠው መንገዱን ይይዛሉ። ሌላው የአፍንጫ ቫልቭ ነው። የአየር መተላለፊያው በጣም ጠባብ ቦታ እሱ ነው። በዚያ ያለው የጎን ልም አጥንት ከደከመ፣ ሰው በኃይል አየር ሲስብ ጎኑ ወደ ውስጥ ይገባና መንገዱን ይዘጋዋል።

መስታወት ፊት ቆመው በአፍንጫዎ በኃይል አየር ይሳቡ። የአፍንጫዎ ጎን ወደ ውስጥ ከገባ ቫልቩን ይጠርጥሩ። ቀጥለው ጉንጭዎን በጣት ወደ ጎን ሳብ አድርገው ይተንፍሱ። በግልጽ ከቀለለዎት ለሐኪሙ ይንገሩት። ይህ የኮትል ፍተሻ ይባላል። ፍንጭ ይሰጣል እንጂ ምርመራን አይተካም። የሚዘጋው ጎን የትኛው እንደሆነም ይከታተሉ። ጤነኛ አፍንጫም በየጥቂት ሰዓቱ አንዱ ጎን ጠበብ፣ ሌላው ሰፋ እያለ ይቀያየራል። ይሄ ተፈጥሮ ነው። ሁልጊዜ አንዱ ጎን ብቻ የሚዘጋ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ከዚያ ከአንገት በላይ ስፔሻሊስት ጋ ይሂዱ። ሐኪሙ በመብራት፣ ካስፈለገም ኢንዶስኮፕ በሚባል ቀጭን የማያ መሣሪያ ውስጡን ያያል። ብዙዎቹ እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት ረጭተው እንደገና ያያሉ። ከመድኃኒቱ በኋላ መንገዱ ከተከፈተ ዋናው ችግር እብጠት ነው። ካልተከፈተ አጥንቱ ወይም ልም አጥንቱ ነው። ይህ ውጤት ካርድዎ ላይ እንዲጻፍ ይጠይቁ፤ ለኢንሹራንሱ በጣም ይጠቅማል። ሲቲ ስካን ለሁሉም ሰው አያስፈልግም። የሳይነስ ሕመም ከተጠረጠረ ወይም ኢንሹራንሱ ከጠየቀ ይነሳል።

በዚህ ደረጃ መቸኮል ዋጋ ያስከፍላል። ግድግዳው ብቻ ተቃንቶ ቫልቩ ከተተወ፣ ኦፕራሲዮኑ አልቆም አየሩ አይገባም። ኢንሹራንሱም «አንዴ ከፍያለሁ» ይላል።

አንድ አስቸኳይ ነገር ልጨምር። አፍንጫዎ በቅርቡ ተመትቶ ከሆነ ይህን ሁሉ አይጠብቁ። ከምት በኋላ ግድግዳው ውስጥ ደም ሊቋጥር ይችላል። ልም አጥንት የራሱ የደም ሥር የለውም፤ የሚመገበው ከላዩ ካለው ሽፋን ነው። የተቋጠረው ደም ሽፋኑን ከልም አጥንቱ ሲለየው ልም አጥንቱ በቀናት ውስጥ ይሞታል፤ አፍንጫው ከመሃል ይሰረጉዳል። ከምት በኋላ ሁለቱም ቀዳዳ ከተደፈነና ሕመሙ እየጨመረ ከሄደ የዚያኑ ዕለት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የተሰበረ የአፍንጫ አጥንትም በአዋቂ ሰው ላይ በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ቢመለስ ይቀላል። በልጆች ቶሎ ስለሚይዝ ጊዜው ያጥራል። የአደጋው ቀንና የመጀመሪያው ምርመራ ወረቀት ደግሞ ኋላ ላይ ለኢንሹራንሱ ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ አይጣል።

2. መድኃኒቱን በትክክል ይሞክሩ፣ ሙከራውም ይጻፍ

ስፕሬይ ልም አጥንት አያቃናም። ይሄ እውነት ነው፤ ብዙ ታካሚም በዚህ ይናደዳል። ቢሆንም ኢንሹራንሶች ማለት ይቻላል በሙሉ መጀመሪያ መድኃኒት እንዲሞከር ይፈልጋሉ። የተለመደው የስቴሮይድ ስፕሬይ ነው። በየቀኑ፣ ቢያንስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት። አንዳንድ ውሎች ከዚያ የረዘመ ጊዜ ይጠይቃሉ። ከእሱ ጋር በጨው ውሃ ማጠብ፣ አለርጂ ካለም የአለርጂ ኪኒን ይታዘዛል።

ይህን እንደ ማሟያ ብቻ አይዩት። እብጠቱ ሲቀንስ ኦፕራሲዮኑ የማያስፈልጋቸው ሰዎች አሉ። ካልቀነሰ ደግሞ ማስረጃ አገኙ።

የኢንሹራንሱ ገምጋሚ የሚፈልገው የመድኃኒቱን ስም፣ የተጀመረበትን ቀን፣ ያቆሙበትን ቀንና ውጤቱን ነው። «ስፕሬይ ሞክሯል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አይበቃም። የፋርማሲ ደረሰኝ ያስቀምጡ። ሲያልቅ ተመልሰው ሐኪሙ ጋ ይሂዱና «ስድስት ሳምንት ተጠቅሞ ለውጥ የለም፣ ግራ ቀዳዳው አሁንም ዝግ ነው» የሚል ማስታወሻ ይጻፍልዎ። ያለ ሁለተኛው ቀጠሮ ሙከራው አልተደረገም ማለት ይቻላል።

ያለ ትእዛዝ የሚሸጡትን አፍንጫ ወዲያው የሚከፍቱ ጠብታዎች ግን ከጥቂት ቀናት በላይ አይጠቀሙ። ሲቆይ ራሳቸው አፍንጫውን ይዘጉታል። ምርመራውንም ያበላሻሉ።

3. ችግሩን በቁጥር ያስቀምጡ

«አፍንጫዬ ይዘጋል» ሁሉም ሰው የሚለው ነው። ቁጥር ሲኖረው ክብደት ያገኛል። ለዚህ የሚያገለግል ኖዝ የሚባል አጭር መጠይቅ አለ። ከ2004 ጀምሮ በሰፊው ይሠራበታል። አምስት ጥያቄዎች አሉት፦ የአፍንጫ መታፈን፣ መደፈን፣ በአፍንጫ ለመተንፈስ መቸገር፣ የእንቅልፍ ችግር፣ በሥራ ወይም በስፖርት ጊዜ በአፍንጫ በቂ አየር አለማግኘት። ያለፈውን አንድ ወር አስበው ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ይሰጣሉ። ድምሩ በ5 ሲባዛ ከ100 ይወጣል። ከመድኃኒቱ በፊት አንድ ጊዜ፣ ከመድኃኒቱ በኋላ አንድ ጊዜ ይሙሉትና ፋይል ውስጥ ይግባ።

ከዚህ ውጪ ክብደት ያላቸው ነገሮች አሉ፦ ተደጋጋሚ የሳይነስ ኢንፌክሽን ከነቀኖቹና ከታዘዙት አንቲባዮቲኮች፣ ከግድግዳው ጉብታ የሚነሳ ተደጋጋሚ ነስር፣ የአደጋ ታሪክ፣ ሲወለዱ የነበረ የከንፈርና የላንቃ መሰንጠቅ። ማንኮራፋት ብቻውን ብዙ ጊዜ አያሳምንም። እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ የሚቋረጥባቸው ሰዎች ግድግዳውን በማሠራት ብቻ ይድናሉ ማለትም አይደለም። ሲተኙ አየር የሚሰጣቸውን ማሽን በቀላሉ ለመጠቀም ግን ሊያግዛቸው ይችላል። ይህን ሐኪሙ በግልጽ ቢጽፈው ጥሩ ነው።

4. ውሉን ራስዎ ያንብቡ

የኢንሹራንስ ወኪል በቃል ያለውን አይመኑ። ወረቀቱን ያምጡና እነዚህን ይፈልጉ፦ የመሃል ግድግዳ ቀዶ ሕክምና በስም ተጠቅሷል ወይ? «የውበት ቀዶ ሕክምና አይሸፈንም» የሚለው አንቀጽ ምን ብሎ ነው የተረጎመው? ቅድመ ፈቃድ ያስፈልጋል? ውሉ ከመጀመሩ በፊት ለነበረ ሕመም የመጠበቂያ ጊዜ አለው? ከራስዎ ኪስ የሚወጣው ስንት ነው? ሐኪሙ፣ ሆስፒታሉና ማደንዘዣ ሰጪው ሦስቱም ከኢንሹራንሱ ጋር ውል አላቸው?

የመጨረሻዋ ብዙ ሰው ታስደነግጣለች። ሐኪሙና ሆስፒታሉ ውል ይኖራቸዋል፤ ማደንዘዣ የሰጠው ባለሙያ ግን አይኖረውም። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ያልተጠበቀ ሂሳብ ይመጣል። አስቀድመው በጽሑፍ ይጠይቁ።

ስልክ ከደወሉ ቀኑን፣ ያነጋገሩዎትን ሰው ስምና የጥሪውን ቁጥር ይጻፉ። ለዚህ ሁሉ አንድ ማኅደር ይክፈቱ።

5. መተንፈሱንና መልኩን ይለያዩ

ከሁሉ በላይ አለመግባባት የሚነሳው እዚህ ነው፤ ቀስ ብለን እንየው።

መሃል ግድግዳውን ማቃናት ሴፕቶፕላስቲ ይባላል። ሥራው ውስጥ ነው፤ የአፍንጫን የውጭ ቅርጽ ብዙውን ጊዜ አይለውጥም። ኢንሹራንሶች በመርህ ደረጃ የሚሸፍኑት ይህንን ነው። የውጭውን ቅርጽ መለወጥ ራይኖፕላስቲ ይባላል። ለውበት ሲባል ብቻ ከተሠራ አይሸፈንም። በመሃል ያለው ነው የሚያከራክረው። አፍንጫው ከውጭ ጠሞ ውስጡንም ከዘጋ፣ ግድግዳውን ብቻ ማቃናት ላይበቃ ይችላል። ቫልቩ ከደከመም ከግድግዳው፣ ከጆሮ ወይም ከጎድን የተወሰደ ልም አጥንት እንደ ድጋፍ ይገባለታል። ይህ የመተንፈሻ ሥራ ነው። በወረቀት ላይ ግን የውበት ሥራ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ተጨማሪ ማስረጃ ይፈልጋል፦ ከፊት፣ ከሁለቱም ጎንና ከታች የተነሳ ፎቶ፣ የኮትል ፍተሻ ውጤት፣ ግድግዳው ብቻ ቢሠራ ለምን እንደማይበቃ የሚገልጽ የሐኪም ጽሑፍ።

መልኩንም ማስተካከል ከፈለጉ አይደብቁ። በአንድ ማደንዘዣ ሁለቱን ማሠራት ይቻላል፤ ብዙ ሰውም ያደርገዋል። ግን ሂሳቡ ለሁለት ይከፈል። የመተንፈሻው ክፍል ለኢንሹራንሱ፣ የመልኩ ክፍል ለእርስዎ። የቀዶ ሐኪም፣ የኦፕራሲዮን ክፍልና የማደንዘዣ ክፍያ ለየብቻው የተጻፈበት ግምት ከኦፕራሲዮኑ በፊት ይቀበሉ። የውበት ሥራን በመተንፈስ ስም ማስገባት ማጭበርበር ነው። ከተደረሰበት ውሉ ሊሰረዝ፣ የተከፈለውም ሊጠየቅ ይችላል። «እኔ ጋ ሁሉንም በኢንሹራንስ አልፈዋለሁ» የሚል ሐኪም ካጋጠመዎት ሌላ ሐኪም ይፈልጉ።

ከሐኪሙ ጋር ሲነጋገሩም ሁለቱን ለየብቻ ያንሱ። ስለ መተንፈስ ሲጠየቁ ስለ መተንፈስ ይመልሱ። «ይህቺ ጉብታ አታምርም» የምትለው ንግግር ካርዱ ላይ ትጻፋለች፤ ገምጋሚውም ያነባታል። ስለ መልኩ የሚያወሩበት ሰዓት ይኑረው።

6. የፈቃድ ጥያቄውን ሙሉ አድርገው ያስገቡ

ጥያቄውን የሚልከው ብዙ ጊዜ የሐኪሙ ቢሮ ነው። እርስዎ ግን ከመሄዱ በፊት ቅጂውን ይዩት። የሕመሙ ስምና የሚጠየቀው ቀዶ ሕክምና መጣጣም አለባቸው። በዓለም አቀፉ የሕመሞች ዝርዝር በአይሲዲ 10 የተጣመመ የመሃል ግድግዳ ጄ34.2 ነው፤ የተርቢኔት መግዘፍ ጄ34.3 ነው። ተርቢኔትም አብሮ የሚሠራ ከሆነ ምርመራው ላይ መግዘፉ መጻፍ አለበት። ያልተጻፈ ነገር አይፈቀድም።

ከሐኪሙ ደብዳቤ ጋር የሁለቱም ቀጠሮዎች ማስታወሻ፣ የመድኃኒት ደረሰኝ፣ የኖዝ ውጤቶች፣ የኢንዶስኮፒ ዘገባ፣ ካለ ሲቲ ስካኑ ይያያዝ። ደብዳቤው አጭር ይሁን። የትኛው ጎን፣ ምን ያህል እንደተዘጋ፣ ምን እንደተሞከረና ለምን እንዳልሠራ፣ ምን እንደሚሠራ። በቃ።

«ስፕሬዩን ይቀጥል» የሚል ገምጋሚ ካለ ሐኪሙ የሚጠቅሳቸው ሁለት ጠንካራ ጥናቶች አሉ። በ2019 ላንሴት ላይ የወጣው የኔዘርላንድስ ጥናት 203 አዋቂዎችን፣ በ2023 ቢኤምጄ ላይ የወጣው የብሪታንያ ጥናት ደግሞ 378 አዋቂዎችን ይዞ ነበር። ሁለቱም ያገኙት ግድግዳቸውን የተሠሩት ሰዎች ካልተሠሩት ይልቅ መሻሻላቸውን ነው።

ፈቃዱ በጽሑፍ ሳይመጣ የኦፕራሲዮን ቀን አይያዝ። ሲመጣም የሚያበቃበትን ቀን ይዩ፤ ጊዜው ያልፋል።

7. ቢከለከል

ክልከላ የመጨረሻ መልስ አይደለም። ደብዳቤውን ይዘው ምክንያቱን በቃሉ ያንብቡ። «መረጃ አልተሟላም» ከሆነ የጎደለውን ልኮ ማስጨረስ ነው። «የመድኃኒት ሙከራ የለም» ከሆነ ሙከራው ካለ ቀኖቹን መላክ፣ ከሌለ መሥራት። «የውበት ነው» ከሆነ ፎቶውንና የሐኪሙን ማብራሪያ አጠናክሮ መመለስ።

ውሳኔው የተመሠረተበትን መስፈርት ቅጂ እንዲሰጡዎት በጽሑፍ ይጠይቁ። ከዚያ ይግባኙን በመስፈርቱ ቅደም ተከተል ይጻፉ። መስፈርቱ አንድ፣ ማስረጃችን ይህ፣ ገጽ ይህን ያህል። ምሬትዎ እውነት ቢሆንም ገምጋሚውን የሚያንቀሳቅሰው ይህ ነው። ሐኪምዎ ከኢንሹራንሱ ሐኪም ጋር በቀጥታ በስልክ እንዲነጋገርም ይጠይቁ። ከአንገት በላይ ስፔሻሊስት ያልሆነ ሰው የወሰነው ነገር በአንድ ስልክ የሚቀየርበት ጊዜ አለ። የይግባኝ ቀነ ገደቡ ደብዳቤው ላይ ይኖራል፤ ካለፈ በሩ ይዘጋል። የውስጥ ይግባኙ ካልሠራ ገለልተኛ ገምጋሚ ወይም የኢንሹራንስ ተቆጣጣሪ አካል ካለ ወደዚያ ይሂዱ።

8. ኦፕራሲዮኑና ማግስቱ

ሥራው ራሱ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። አብዛኛው በሙሉ ማደንዘዣ ይሠራል፤ ሰውም የዚያኑ ቀን ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሐኪሙ ውስጥ ለውስጥ ሽፋኑን ገልጦ የጠመመውን ያወጣል ወይም ያቃናል። ከላይና ከፊት ግን ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ልም አጥንት ይተዋል። አፍንጫውን ደግፎ የሚይዘው እሱ ነው።

ቀድመው የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይንገሩ። አስፒሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ የዓሣ ዘይት፣ የባህል መድኃኒትም ቢሆን። ደም ያቀጥናሉና ብዙዎቹ ቀደም ብለው ይቆማሉ። ለልብ የታዘዘልዎትን ግን ሐኪም ሳይጠይቁ አያቁሙ። የሚያጨሱ ከሆነ አሁን ያቁሙ፤ ቁስሉን ያዘገየዋል።

ሐኪሙ ስለሚያጋጥሙ ነገሮች በግልጽ እንዲነግርዎት ይጠይቁ። ደም መፍሰስ፣ ኢንፌክሽን፣ የግድግዳ መበሳት፣ የላይኛ ጥርስ ጊዜያዊ መደንዘዝ፣ አልፎ አልፎ የማሽተት ለውጥ፣ ችግሩ ሙሉ በሙሉ አለመፈታት። ብዙ ጊዜ አይመጡም፤ ሳያውቁ መፈረም ግን ልክ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀኖች ትዕግሥት ይፈልጋሉ። አፍንጫው ከበፊቱ ይልቅ የተዘጋ ይመስላል። ግድግዳውን ደግፎ እንዲይዝ ውስጥ የሚቀመጠው ስፕሊንት ካለ አንድ ሳምንት ገደማ ቆይቶ ይወጣል። ከፍ ባለ ትራስ ይተኙ። ሐኪሙ እስኪፈቅድ አይናፈጡ። ማስነጠስ ከመጣ አፍዎን ከፍተው ያስነጥሱ። ከባድ ነገር አያንሱ። በጨው ውሃ ሲያጥቡ ውሃው ተፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። ቅርፊቱን በጣት አይንኩት። ብዙ ሰው በሳምንት ገደማ ወደ ቢሮ ሥራ ይመለሳል፤ ውስጡ ሙሉ በሙሉ ለመርጋት ግን ወራት ይወስዳል።

የማይቆም ደም፣ እየጨመረ የሚሄድ ሕመምና እብጠት፣ ትኩሳት፣ ከአንድ ቀዳዳ የሚንጠባጠብ ንጹሕ ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ካዩ ቀጠሮ አይጠብቁ።

9. ሂሳቡ ሲመጣ

የሐኪሙን፣ የሆስፒታሉንና የማደንዘዣ ሰጪውን ሂሳብ ከፈቃዱ ደብዳቤ ጋር አንድ በአንድ ያስተያዩ። ያልተፈቀደ ሥራ ተጨምሮ ከሆነ ወይም የተፈቀደው «የውበት» ተብሎ ከተመለሰ፣ ከመክፈልዎ በፊት እርማት ይጠይቁ። ሐኪሙ በኦፕራሲዮኑ ጊዜ ያገኘውን የጻፈበትን ዘገባም ቅጂ ይውሰዱ።

መተንፈሱ ካልተሻሻለ ደግሞ ቢያንስ ስድስት ወር ይስጡት፤ ብዙ ሐኪሞች እስከ አንድ ዓመት ይጠብቃሉ። ከዚያ የኖዝ መጠይቁን እንደገና ይሙሉና አዲስ ምርመራ ያድርጉ። የቀረው ቫልቩ ነው? ተርቢኔቱ? ጠባሳ ነው? ለሁለተኛ ኦፕራሲዮን ኢንሹራንሱ አዲስ ማስረጃ ይጠይቃል። ከዚያ የኦፕራሲዮን ዘገባ ላይ መጀመሪያ ምን እንደተሠራና ምን እንዳልተነካ ይነበባል፤ የአዲሱ ማመልከቻ የመጀመሪያ ወረቀትም እሱ ነው።